የኋላ ቀኝ ጎማ

መኪናዋ ከፖሊስ ግቢ ተጎትታ ጋራዡ ስትደርስ ረቡዕ ነበር፤ ረፋዱ ላይ። ባለጋራዡ ቆይ ቆይ በሩን ቀድሞ ከፍቶ ቆሟል። የጎተታት ሾፌር ሰንሰለቱን እየፈታ፣ «ደህና ናት እኮ፣ ፊቷ ብቻ ነው የተጎዳው» አለው፣ ለማጽናናት ብሎ። ቆይ ቆይ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ፊቷን አላየውም። ዞሮ በስተኋላ ሄደና ቀኝ ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

ቆይ ቆይ ቅጽል ስሙ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ደንበኛው ገና ሞተር ሳያጠፋ መፍቻ ይዞ የሚሮጠውን መካኒክ ሁሉ «ቆይ! ቆይ!» እያለ ሲያስቆም ስለኖረ ሰፈሩ በዚሁ ጠራው፤ እሱም አቤት እያለ ለመደው። መክፈት ለእሱ የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ባለመኪናውን በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና «እስቲ ድምፁን አውጣልኝ» ይለዋል።

«እንዴት ብዬ?»

«እንደምትሰማው። በአፍህ።»

የባንክ ሥራ አስኪያጅም ይሁን ዳቦ ጋጋሪ፣ መጀመሪያ ያፍራል፤ በኋላ ግራ ቀኙን ያይና «ጭጭጭ... ቋ! ጭጭጭ... ቋ!» ይላል። በዙሪያው ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ቆይ ቆይ አይስቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ስትታጠፍ ነው ወይስ ስትቆም?» ከዚያ ለሁለቱ ሠራተኞቹ በሹክሹክታ «የፊት ግራ፣ የታችኛው» ይላቸዋል። ለባለመኪናው ግን የተበላሸውን ዕቃ አስወልቆ መዳፉ ላይ ካላስቀመጠ በስተቀር አንዲት ቃል አይተነፍስም። «ያልያዝኩትን አላወራም» ይላል። ሲወልቅ ደግሞ እንዳለው ነው፤ የፊት ግራ፣ የታችኛው።

ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት «አንድ ቀን ቆይ ቆይ ብያት ሄደች» ብሎ ይመልሳል፤ ቀልድ ይሁን እውነት ማንም አጣርቶ አያውቅም።

መኪናዋ የአባቱ ነበረች። ክሬም ቀለም፣ ክብ መብራት፣ ዕድሜዋ አርባ ስምንት ዓመት። አባትየው ሲሞት ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ አንድ ላይ ተወላቸው፦ ታላቁ ቆይ ቆይ ይጠግናታል፣ ታናሹ ይነዳታል። ሙሽሮች ፎቶ ላይ አሮጌ መኪና ስለሚወዱ ታናሽየው በየሠርጉ ይዟት ይሄዳል። እግረ መንገዱንም የሙሽሪትን አባት በድምፁ፣ ሚዜውን በአረማመዱ እያስመሰለ ሠርገኛውን በሳቅ ይገድለዋል። ሰው መኪናዋን ብሎ ይጠራዋል፣ እሱን ብሎ ይደግማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ከአንድ እናት መወለዳቸውን ይጠራጠር ነበር። አንዱ የሁለት ሰው ዝምታ፣ ሌላው የሁለት ሰው ወሬ ይዞ የመጣ ይመስላል።

ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ታናሽየው ከሠርግ ብቻውን ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ጭራዋን አዙራ የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ወጣች። ከቆሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ዘለው ዳኑ። ሦስተኛው ልብስ ሰፊ ነበር፤ በእጁ የያዘውን የጨርቅ ጥቅል ላለመጣል ሲል ዘገየ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ታናሽየው ሲጠየቅ «ፍሬን ስረግጥ ከኋላ የሆነ ነገር ነከሰኝ፤ ዞረች» አለ። የቴክኒክ መርማሪው መኪናዋን አየ። መሪው ደህና፣ የፍሬን ዘይቱ ሙሉ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይይዛል፣ አራቱም ጎማዎች በቦታቸው። ስለዚህ «ከተገቢው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር» ተብሎ ተጻፈና ታናሽየው ታሰረ። ሰዉ ደግሞ ከጎኑ የራሱን ጨመረበት። ሠርግ አልነበረ? ጠጥቶ ነዋ!

ወሬው እናታቸው ጆሮ ገባ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ የማንንም መርፌ ሳትነካ የኖረች፣ ቀጥ ያለች ሴት። «ሰው ገድሎ የእኔን ፊት ማየት ያምረዋል?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሳችም። ልብሱን ታጥባለች፣ ታላቁ ልጇ ያደርስለታል፤ እሷ ግን ወደ እስር ቤቱ በር አንድ ቀን እግሯን አላነሳችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቆይ ቆይ አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ከአደጋው አራት ቀን ቀደም ብሎ ታናሽ ወንድሙ ደውሎለት ነበር።

«ጋሼ፣ መኪናችን መዝፈን ጀመረች።»

«ምን ትላለች?»

«ላሰማህ፣ ስማ።» ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦ «ክርርርር... ክርርርር...» እስከዚህ ደህና ነበር። ግን መኪናው ውስጥ ሰዎች ነበሩ፣ ሲስቁለት ይሰማል። ታናሽየው ደግሞ አንዴ ሰው ከሳቀለት ማቆም አያውቅም። ክርክርታው ላይ ከበሮ ጨመረበት፣ ከበሮው ላይ ጡሩምባ፤ ሲጨርስ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ጓድ ስልኩ ውስጥ የገባ መሰለ። ቆይ ቆይ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለመኪናው ድምፅ እያወጣለት ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ድንጋይ ገብቶባት ነው» አለ፣ ሳቁን ሳይጨርስ። «መሪውን አጠፍ አድርገህ ትንሽ ወደ ኋላ ንዳት፤ ትተፋዋለች።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ተፋችው! ጭጭ አለች! አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ እኮ!»

ቆይ ቆይ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

አሁን ሠራተኞቹን «ዛሬ ዕረፍት ነው» ብሎ ሸኝቷቸው ብቻውን ነው። ክሪኩን ከሥሯ አስገብቶ የኋላዋን አነሳና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ምንም የለም። ደገመው። ከጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ ረገፈ እንጂ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አለው። ይህ ቅለት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲያውቀው ግን ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ዘፍ አለ። ይህ ጎማ ጤነኛ ከሆነ፣ ታናሽ ወንድሙ ፈጥኖ ነድቶ ሰው ገድሏል። ይህ ጎማ በሽተኛ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን የገደለው ስልክ ይዞ ሲስቅ የነበረው ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም። እና ጎማው ዝም ሲል እሱ ደስ አለው። ወንድሙ ታስሮ፣ ደስ አለው!

«ቱ! አንተ ብሎ ወንድም» አለ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ።

ከዚያ ለሰባት ሳምንት ሲሸሸው የነበረውን ነገር አሰበ። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ወጣ ገባ ሲሆን ይጮህ፣ ሲለሰልስ ይተው ነበር። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ቢፋተግ ኖሮ ሲረግጠው ብቻ ይጮህ ነበር። የጎማው ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ቢያረጅ ኖሮ ቀንም ማታም፣ ታጠፈ አልታጠፈ፣ እንደ ወፍጮ ባጉረመረመ ነበር። የትኛው ነው? አላወቀም፤ ምክንያቱም አልጠየቀም። የባንክ ሥራ አስኪያጁንም፣ ዳቦ ጋጋሪውንም፣ መንገደኛውንም የሚጠይቀውን ያንን አንድ ጥያቄ፣ ስትታጠፍ ነው ወይስ ስትቆም፣ የእናቱን ልጅ ሳይጠይቀው ቀረ።

ወንድሙ የሞተበት ቦታ... አይደለም፣ ሰውየው የተገጨበት ቦታ መታጠፊያ ነው። መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ ክብደት ወደ ጎን ይሄዳል። ቆይ ቆይ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ሁለት እግሮቹን ጎማው ላይ አደረገና ወደ ውስጥ ገፋ።

ቅጭ።

ጎማው የጥፍር ውፍረት ያህል ገባ። መግባት አልነበረበትም። በአንድ እግሩ መሃሉን እንደገፋ፣ በእጁ ደግሞ አሽከረከረው።

«ክርርርር» አለች መኪናዋ። «ክርርርር...»

ወንድሙ ከበሮውን ሳይጨምርበት በፊት እንዳወጣው፣ ቅንጣት ሳይጨመር ሳይቀነስ። ያ ቀልደኛ ድምፁን ልክ አድርጎ ነበር ያሰማው።

የቀረውን እጁ ነው የሠራው፤ እሱ ሌላ ቦታ ነበር። ጎማውን አወለቀ፣ ከሥሩ ያለውን የፍሬን ታምቡር አወጣ። ድንጋይ የለም። የታምቡሩ ጠርዝ ዙሪያውን ተፍቆ እንደ መስታወት ያበራል። ዘንጉን ስቦ ሲያወጣ፣ ከዘንጉ ጋር አንዲት የብረት ቀለበት ሁለት ቦታ ተሰብራ መዳፉ ላይ ወደቀች፤ በአንድ በኩል እንደ ወረቀት ሳስታለች።

አወቃት። የራሱ እጅ ሥራ ናት።

የዛሬ ስምንት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዚህ ጎማ ኩሽኔታ አልቆ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ዋናው ዕቃ አይገኝም፤ ስለዚህ ዙሪያው ልክ የሆነ፣ ወርዱ ግን በሁለት ሚሊሜትር የሚያንስ ኩሽኔታ ገጥመው፣ ክፍተቱን በቶርኖ ማሽን በተቀረጸ ቀለበት ይሞሉታል። ቆይ ቆይ ይህን ቢያንስ መቶ ጊዜ ሠርቷል። ለደንበኛ ሲሆን ቀለበቷን ከጠንካራ ብረት ያወጣታል፣ «በወሩ ተመልሰህ አሳየኝ» ብሎም ያስምለዋል። ያን ቅዳሜ ግን ጠንካራው ብረት አልቋል፣ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች ነው!» እያለ ያጣድፈዋል። ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ አወጣት። ለጊዜው ነው፣ በኋላ እቀይራታለሁ፣ መኪናዋ የራሳችን ናት፣ የት ትሄዳለች ብሎ። በወሩም አላያትም። ደንበኛ ስላልሆነች የሚያስታውሳት አልነበረም።

ቀለበቷ ስትሳሳ ዘንጉ ወደ ጎን መንቀሳቀስ ጀመረ። ሲታጠፍ ታምቡሩን ይዞ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ፍሬን ቢረገጥ ሸራው የታምቡሩ ጠርዝ ላይ ይሰካና ሦስቱ ጎማ ሲይዝ አራተኛው ይነክሳል። መሪ አጥፎ ወደ ኋላ ሲነዱት ደግሞ ተመልሶ ቦታው ይገባና ጭጭ ይላል። ደልዳላ ግቢ ውስጥ ቆማ ላያት መርማሪ ምንም አይታይም።

«ከኋላ የሆነ ነገር ነከሰኝ» ነበር ያለው ልጁ። ማንም አልሰማውም።

ሐሙስ ጠዋት ቆይ ቆይ ስብርባሪዋን በጨርቅ ጠቅልሎ መርማሪው ቢሮ ገባ። መርማሪው ያውቀዋል፤ የራሱን መኪና የሚያሠራው እሱ ጋ ነው።

«ግባ፣ ግባ። ስለ ወንድምህ ከሆነ ግን ፋይሉ ከእጄ ወጥቷል።»

ቆይ ቆይ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ተናገረ። በሕይወቱ እንደዚያ ረዝሞ ተናግሮ አያውቅም። መርማሪው ስብርባሪዋን በእስክሪብቶው ጫፍ እየገለበጠ ሰማው።

«ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«ማን እያየ?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

መርማሪው መነጽሩን አወለቀ። «ብቻህን። በራስህ ጋራዥ። የተከሳሹ ታላቅ ወንድም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩህ እኮ ነው! ማምለጥ አይደለም የፈለግኩት፣ ራሴን ነው ያመጣሁልህ።»

«እሱማ የባሰ ነው። ስንት አባት፣ ስንት እህት 'እኔ ነኝ' እያለ እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ብነግርህ! ሳትፈታ ብትጠራኝ ኖሮ እኔና አንተ አብረን እንፈታው ነበር። ፎቶ ይነሳል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል፣ ያልቃል። አሁን ይህ ምንድነው? ብረት ነው። ከየትም ሊመጣ ይችላል።»

«እርግጠኛ ሳልሆን፣ ሳልይዘው፣ ምን ብዬ ልጥራህ?»

«እንዲያው ጠርጥሬያለሁ ብለህ ነዋ! ሰው እንዲህ አይደል የሚያደርገው?» መርማሪው ድምፁ ከፍ ማለቱን ሲያውቅ ዝቅ አደረገው። «ስማኝ። እኔ አምንሃለሁ። አንተ ይህ ነው ካልክ ነው። የእኔ ማመን ግን ወረቀት ላይ አይወጣም። ደግሞም ወንድምህ ማክሰኞ ዕለት ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበታል። አልነገሩህም?»

ቆይ ቆይ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለ። ሲወጣ መርማሪው ከኋላው፣ «የእኔም መኪና ከፊት ትንሽ ትንኳኳለች፣ ሳምንት ብቅ እላለሁ» አለው።

ዓርብ የጥየቃ ቀን ነው። በወንፊት ሽቦው በዚህ በኩል ሃያ ሰው፣ በዚያ በኩል ሃያ ሰው፤ ሁሉም ይጮሃል። ታናሽየው ሸሚዙ ሰፍቶበት መጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ከሳህ? እኔ ነኝ ወይስ አንተ የታሰርከው?»

«ለምን አመንክ?»

«ጠበቃው ነው። 'ፈጥኛለሁ፣ ተጸጽቻለሁ በል፣ ያቀሉልሃል' አለኝ።» ሽቦውን በጣቱ ያዘው። «ሲደጋግሙልኝ ደግሞ እኔም እየመሰለኝ መጣ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስንት ላይ እየነዳሁ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ በየቀኑ ይጨምራል። ባለፈው ሳምንት ስልሳ ነበር፣ አሁን ዘጠና ደርሻለሁ። ሰው ሞቷል፣ ጋሼ። ሰው ሞቶ፣ ፈጣሪ ያውቃል አልፈጠንኩም ማለት ያሳፍራል።»

«አልፈጠንክም» አለ ቆይ ቆይ። ስለ ቀለበቷ ነገረው። መጮህ ነበረበት፤ በስተግራው አንዲት ሴት ስለ ቤት ኪራይ ትጮሃለች፣ በስተቀኙ አንድ ሽማግሌ ዝም ብሎ ያለቅሳል፤ እሱ በመካከላቸው «ከውሃ ቧንቧ! ከውሃ ቧንቧ ነው የሠራኋት!» ብሎ ጮኸ።

ታናሽየው «ድንጋይ አልነበረም?» አለ።

«አልነበረም።»

«ተፋችው ብዬህ ነበር እኮ።»

«አልተፋችም።»

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም ነበር» አለ። «እንደዚያ ስትስቅ። ያን ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ 'ጋሼን አሳቅኩት፣ ጋሼን አሳቅኩት' እያልኩ ስነግር ነው የዋልኩት።»

ቆይ ቆይ ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ።

«ስማ፣ ቀና በል፤ ጊዜ የለንም» አለ ታናሽየው። «ፍርዱን ተወው፤ ጠበቃው ቃልህን ብትቀይር ይብስብሃል ብሎኛል። ግን ሰኞ ወደ ሩቁ እስር ቤት ይወስዱናል። መንገዱ አንድ ቀን ሙሉ ነው፤ እማዬ በዚህ ጉልበቷ እዚያ አትደርስም። እሁድ ያስገቧታል። ጠጥቶ ሰው ገደለ እያለች እንድትለየኝ አልፈልግም። ለእሷ ንገራት። ሌላ ምንም አልፈልግም ከአንተ፤ እሷ አንዴ ትምጣ።»

«እነግራታለሁ።»

«አትንተባተብ ደግሞ። እንደ ደንበኛ አስቀምጠህ ነው የምትነግራት፤ ዕቃውን መዳፏ ላይ አድርገህ።»

እሁድ ጠዋት ቆይ ቆይ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ በልብስ ሰፊው ሱቅ በኩል አለፈ። በሌላ መንገድ መዞር ይችል ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፤ በመስኮቱ ግን አንድ ያልተጨረሰ ኮት ተሰቅሎ ይታያል፣ እጅጌ የለውም፣ ደረቱ ላይ ነጭ የጠመኔ መስመር ተሰምሮበታል። ባለቤቱ ሊለካው የሚመጣበት ቀን ሳያልፍ አልቀረም። ቆይ ቆይ እዚያ ቆሞ የሚላትን ቃል አንድ በአንድ አዘጋጀ።

እናቱ የታናሽየውን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁልፍ ትተክላለች።

«እማዬ፣ ተይውና ስሚኝ እስቲ።»

«ምነው? ሌላ ሰው ሞተ?»

ከፊቷ ተቀመጠ። አልተንተባተበም። ስለ ስልኩ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ቧንቧው ቁራጭ ነገራት። በመጨረሻ ሁለቱን ስብርባሪ መዳፏ ላይ አደረገው። እናቱ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው።

«እንግዲህ ሰውየውን የገደለችው ይህቺ ናት?»

«እኔ ነኝ። የሠራኋት እኔ ነኝ። ልጅሽ አልጠጣም፣ አልፈጠነም። መኪናዋን ሊይዛት ሞክሮ ነበር።»

ቆይ ቆይ ቁጣዋን ጠበቀ፤ ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው። የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም። ፊቷ ቀስ በቀስ ለሰለሰ፤ እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው።

«የጎረቤቱ መስኮት የተሰበረ ጊዜ፣ ማን ነበር 'እኔ ነኝ' ያለኝ?»

«እማዬ፣ ያ ሌላ ነው።»

«የአባትህን ሬዲዮ ማን በታተነው? 'እኔ ነኝ'። የአስተማሪውን ብስክሌት ማን ገደል ሰደደው? 'እኔ ነኝ'። ስገርፍህ ኖሬ፣ ወንድምህ መሆኑን የምሰማው ከዓመት በኋላ ነው። አሁን አርጅቻለሁ፣ አልገርፍህም፤ ግን ደግሞ አታሞኘኝም።»

«በአባዬ አጥንት ይዤሻለሁ፣ እውነቴን ነው!»

«በአባትህ አጥንት አትማል!» ስብርባሪዎቹን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበትና ተቀምጣ ሸሚዙን መልሳ አነሳች። «አንተ የሠራኸው ነገር ሲበላሽ አይቼ አላውቅም። ይህን በር ማን ሠራው? ይኸው ይዘጋል። አልጋዬን ማን ሠራው? ይኸው እተኛበታለሁ። አገር የሚመሰክርልህን እኔ እናትህ ልካድህ?»

«ነገ ይወስዱታል፣ እማዬ። ዛሬ ካልሄድሽ...»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። መርፌው ክር እንደያዘ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ጥፋተኛ ነኝ ብሏል ይባላል። ብሏል ወይስ አላለም?»

«ብሏል፣ ግን...»

«በቃ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ አፍ አመነ። ይህቺን አንዲት ሰው የመሆን ዕድል አትቀማው።» መርፌውን መለሰችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሸሚዙን አጠፈች። ድምፅዋ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፦ «ይህን ስጥልኝ። ቁልፉን ሁሉ አጥብቄዋለሁ በለው።»

ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው። «ደግ ልጅ ነህ አንተ» አለችው። «ፈጣሪ እንደ አንተ ዓይነት ወንድም ለሁሉም ይስጥ።» መረቀችው፣ ረዥም ምርቃት። አቀርቅሮ ተቀበለው፤ እያንዳንዱ ቃል አንገቱ ላይ እንደ ሸክም ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ከመሄድህ በፊት ያቺን የውሃ ቧንቧ እያትልኝ፤ መንጠባጠቧ እንቅልፍ ነሳኝ» አለችው።

ወደ ማድ ቤት ገባ። ቧንቧዋ ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ማጥበቂያዋን ፈታ። ውስጥ ያለችው ጎማ ተበልታለች። ከኪሱ የጎማ ቁራጭ አወጣና በመቀስ ክብ አድርጎ ቆረጠ። ለጊዜው የሚሆን ነገር ነበር፤ እንዲያውም ሳይለካ፣ በግምት፣ ግድ ሳይሰጠው ነው የቆረጣት። አስገባት፣ መልሶ አጠበቀ።

«ቆመ?» አለች እናቱ ከውስጥ።

ቆይ ቆይ መዳፉን ከቧንቧው አፍ ሥር ዘረጋ። አንዲት ጠብታ ብትወድቅለት ይዟት ይሄዳል፣ «ይኸው፣ አየሽ? የእኔም ሥራ ይበላሻል» ይላታል። ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። የእስር ቤቱ በር የሚዘጋበት ሰዓት እየቀረበ ነው፤ እሱ ግን መዳፉን እንደዘረጋ ነው።

«ቆመ ወይ፣ ልጄ?»

መዳፉ ደረቅ ነበር።

«ቆመ» አላት።